የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው ለምን ተቃጠለ? በምንስ ይተካ?

ጥያቄው፦ «ሰላም ወንድሞች። አዲስ አበባ ነኝ። ራሴ የገጣጠምኩት ባለ 5 ኢንች ድሮን አለኝ። ሞተሮቹ መጠናቸው 2306፣ 2450 ኬቪ ናቸው፤ ኢኤስሲው (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያው) አራት በአንድ ቦርድ፣ 45 አምፒር፣ ፈርምዌሩ ቢኤልሄሊ ኤስ። በ4ኤስ ባትሪ ለወራት በረርኩበት። ኃይል ይጨምርልኛል ብዬ 6ኤስ ሰካሁ፤ ሁለተኛው ባትሪ ላይ 3ኛው ሞተር ተንተባተበ፣ ድሮኑ ተገልብጦ ወደቀ፣ ሳነሳው ይጨስ ነበር። ካፓሲተር አልነበረውም፤ ቦታ አጣሁለት። አሁን የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስለሚመጣ አዲስ ላስመጣ ነው። 60 አምፒር ልግዛ? ቢኤልሄሊ 32፣ ኤኤም32 ወይስ ብሉጄይ? ፍላሽ ማድረግስ (ፈርምዌሩን መቀየር) ግዴታ ነው?»

ወንድሜ፣ ምን እንደምትገዛ ከመናገሬ በፊት የድሮው ለምን እንደተቃጠለ እንጨርስ፤ አለበለዚያ አዲሱም ተከትሎት ይሄዳል። ያቃጠለው ፈርምዌሩ፣ ማለትም ቺፑ ላይ የተጫነው ፕሮግራም፣ አይደለም።

ኬቪ ማለት ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። 2450 ኬቪ ሞተር ሙሉ በተሞላ 4ኤስ (አራት ሴል በተከታታይ)፣ ማለትም በ16.8 ቮልት፣ 41,160 ዙር ይሰጣል። በ6ኤስ 25.2 ቮልት ሲያገኝ 61,740 ይሆናል። ፕሮፔለሩ ግን ያው ነው። ፕሮፔለር የሚበላው ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ልክ አያድግም፤ በፍጥነቱ ኩብ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ አንድ ተኩል ጊዜ ሲሆን ኃይሉ ወደ 3.4 እጥፍ ይወጣል። ቮልቴጁም በ1.5 ስለጨመረ ኃይሉን ለቮልቴጁ ስታካፍለው አምፒሩ 2.25 እጥፍ ሆኖ ታገኘዋለህ። በ4ኤስ አንዱ ሞተር ሙሉ ስሮትል (ሙሉ ጋዝ) ላይ 35 አምፒር ይስብ ከነበረ በ6ኤስ በስሌት ወደ 79 ይጠጋል። በተግባር ባትሪው ቮልቴጅ ስለሚጥልና ሞተሩም ስለሚግል እዚያ ላይደርስ ይችላል። ቢሆንም 45 አምፒር የተባለ ቦርድ ላይ ምን እንደሚያደርግ አይተሃል።

ሁለተኛው ጥፋት ካፓሲተር አለመኖሩ ነው። ስሮትል ስትለቅ ኢኤስሲው ሞተሩን ዝም ብሎ አይተወውም፣ ፍሬን ይይዘዋል። የዚያን ጊዜ ሞተሩ ዲናሞ ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ የባትሪው ሽቦ ርዝመት ደግሞ ምላሹን በፍጥነት እንዳያልፍ ያግደዋል። ስለዚህ ቦርዱ ላይ ለቅጽበት የሚዘል ቮልቴጅ ይፈጠራል። በብዙ ርካሽ ቦርዶች ላይ ያሉት ሞስፌቶች (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚከፍቱና የሚዘጉ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያዎች) 30 ቮልት የሚችሉ ናቸው። በ4ኤስ ለዝላዩ 13 ቮልት ያህል ትርፍ ነበረህ። በ6ኤስ ትርፉ 4.8 ቮልት ብቻ ነው፣ የሚቀበልለት ካፓሲተርም የለም።

«ተንተባተበና ተገልብጦ ወደቀ» ያልከው ደግሞ ዲሲንክ የሚባለው ነው። ኢኤስሲው የሞተሩን አቀማመጥ የሚያውቀው በሴንሰር አይደለም፤ ከሦስቱ ገመዶች ለጊዜው ኃይል በሌለበት ላይ የሚመጣውን ትንሽ ቮልቴጅ እያነበበ ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚያልፈው አምፒር ሲበዛ፣ በዚያ ገመድ የሽቦ ጥቅል ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪጠፋ ጊዜ ይወስድና ንባቡን ይሸፍነዋል። ኢኤስሲው ተሳስቶ ባልሆነ ሰዓት ኃይል ይሰጣል፣ ሞተሩ ይቆማል፣ ድሮኑ በዚያ ጥግ ይወድቃል። የቆመ ሞተር ላይ ስሮትሉ መቀጠሉ ነው ብዙውን ጊዜ ሞስፌቱን የሚጨርሰው።

አሁን ወደ ምርመራው። አዲሱን ቦርድ ከመበየድህ በፊት 3ኛውን ሞተር ፈትሽ፤ ይህን ዘለው ሁለተኛ ቦርድ የሚያቃጥሉ ብዙ ናቸው። ሞተሩን ነቅለህ መልቲሜትርህን ድምፅ ላይ አድርግና አንዱን ጫፍ በሞተሩ ብረት፣ ሌላውን በየተራ በሦስቱ ገመዶች ላይ አስነካ። መጮህ የለበትም። ከጮኸ የጥቅሉ ሽፋን ተልጦ ከብረቱ ጋር ተገናኝቷል ማለት ስለሆነ ሞተሩን ጣለው። ቀጥለህ ሦስቱን ገመዶች ራቁታቸውን ጠምዝዘህ አገናኛቸውና ሞተሩን በጣትህ አዙረው። እኩል የሆነ፣ ለስላሳ ተቃውሞ መስማት አለብህ። ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር አወዳድር። አንዱ ቦታ ላይ ከላላ፣ ወይም ገመዶቹ ሳይገናኙም ከከበደ፣ ጥቅሉ ውስጥ ለውስጥ ተገናኝቷል። የጥቅሉን ተቃውሞ በተራ መልቲሜትር ለመለካት አትድከም፤ ከ1 ኦም በታች ስለሆነ ልዩነቱን አያሳይህም።

ሞተሩ ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ካገኘኸው የያዙትን ብሎኖች ተመልከት። ክንዱ 5 ሚሊሜትር ሆኖ 10 ሚሊሜትር ብሎን ካሰርክበት 5 ሚሊሜትሩ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ የብዙ ሞተሮች ጉድጓድ ደግሞ 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ነው። የቀረው ቀጥታ ጥቅሉን ይበሳል። ለ5 ሚሊሜትር ክንድ 8 ሚሊሜትር ብሎን በቂ ነው።

ፍላይት ኮንትሮለሩንም (ድሮኑን የሚመራውን ቦርድ) ለብቻው በዩኤስቢ አገናኘውና ቤታፍላይት በሚባለው ፕሮግራሙ ላይ ጃይሮው (የእንቅስቃሴ ሴንሰሩ) እንደሚንቀሳቀስ፣ ቺፑም እንደማይግል አረጋግጥ። ከተቃጠለው ቦርድ ጋር በአንድ ማያያዣ ስለነበረ አንዱ እግሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ወደ ግዢው እንምጣ። 60 አምፒር አያስፈልግህም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው አምፒር ሁሉም አምራች የሚስማማበት መለኪያ የለውም፤ አንዱ በኃይለኛ ንፋስ ሥር ለካው፣ ሌላው ያለ ንፋስ። አራት ጊዜ 60 ደግሞ 240 አምፒር ነው፤ 1500 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪህ «100 ሲ»፣ ማለትም የአቅሙን 100 እጥፍ አምፒር ያወጣል፣ ተብሎ ቢጻፍበት እንኳን በወረቀት ላይ 150 ነው የሚወጣው፣ በተግባር ከዚያም ያንሳል። ለ5 ኢንች ድሮን ከ45 እስከ 55 ያለው በቂ ነው። ከአምፒሩ ይልቅ የምትጠይቀው ሌላ ነገር አለ፦ ሞስፌቱ ስንት ቮልት ይችላል? 40 ቮልት የሚል ቦርድ 45 አምፒር ቢሆንም 30 ቮልት ሞስፌት ካለው የ60 አምፒር ቦርድ ይልቅ 6ኤስ ላይ ዕድሜ አለው። ሻጩ ይህን ካላወቀ የቦርዱን ፎቶ አጉልተህ ሞስፌቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ፈልግ፤ በቁጥሩ መረጃውን ታገኛለህ።

መጠኑን አትሳሳት። 30.5 በ30.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለውን ነው የምትፈልገው፣ ፍሬምህ ሌላ ካልሆነ። 20 በ20 የሆነው ለትናንሽ ድሮኖች ነው፤ ቦታ ይቆጥባል ግን ሙቀት የሚበትንበት መዳብ ያንሰዋል።

አሁን ፈርምዌሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጥያቄህም ዋናው እሱ ነው።

የኢኤስሲ ፈርምዌር ከቺፑ ጋር የተጋባ ነው። እንደ ስልክ አፕሊኬሽን የወደድከውን የትም አትጭንም። ሁለት ቤተሰብ አለ። አንዱ 8 ቢት ቺፕ ያለው፣ ቢኤልሄሊ ኤስ ተጭኖበት የሚሸጠው ነው፤ ቺፑ ኢኤፍኤም8 ቢቢ1፣ ቢቢ21 ወይም ቢቢ51 ነው። ሌላው 32 ቢት ቺፕ ያለው ነው፤ እዚህ ውስጥ ቢኤልሄሊ 32 እና ኤኤም32 አሉ። ብሉጄይ የ8 ቢቱ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ «ብሉጄይ ወይስ ኤኤም32» ሲባል በእውነቱ የቦርድ ምርጫ ነው።

ቢኤልሄሊ 32ን ተወው። መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ለዓመታት ከሁሉ የተሻለ ነበር። ግን ኮዱ ዝግ ነው፤ አምራቹ ለእያንዳንዱ ቦርድ ፈቃድ ይገዛ ነበር፤ የሠራው ድርጅት ደግሞ በ2024 ሥራውን አቆመ። የመጨረሻው ስሪት 32.10 ነው። ያለው ያለምንም ችግር ይበራል፣ ወደፊት ስህተት ቢገኝ ግን የሚያርመው የለም። በቅናሽ የሚሸጥ ቦርድ ካየህ ቅናሹ ከዚህ ሊመጣ እንደሚችል እወቅ። ብዙዎቹን ወደ ኤኤም32 መቀየር ይቻላል፤ ሥራው ግን ኤስቲሊንክ የሚባል ፕሮግራመር ገዝቶ በእያንዳንዱ ቺፕ አጠገብ ባሉት ትናንሽ ፓዶች ላይ አራት ጊዜ መንካትን ይጠይቃል። አንዴ ከጠፋ ደግሞ ቢኤልሄሊ 32 ተመልሶ አይጫንም። በእንግዳ ሻንጣ አንድ ቦርድ ብቻ ለሚመጣለት ሰው ይህን አልመክርም።

የቀሩት ሁለቱ ክፍት ናቸው፣ ነፃ ናቸው፣ የሚያሻሽላቸውም ሰው አለ። በአንተ ሁኔታ ምርጫዬ፦ ፋብሪካው ራሱ ኤኤም32 ጭኖ የሚሸጠው፣ ከ3ኤስ እስከ 6ኤስ የሚችል፣ ከ50 እስከ 55 አምፒር የሆነ ቦርድ። ነገ ሞተሮቹን ስትቀይር ቦርዱ ይቆይሃል። ብር ካጠረህና በ4ኤስ ከቀጠልክ ቢቢ21 ቺፕ ያለው የ45 አምፒር ቢኤልሄሊ ኤስ ቦርድ ገዝተህ ብሉጄይ ጫንበት። በአየር ላይ ልዩነቱን የሚለይ አብራሪ ብዙ አይደለም።

ፍላሽ ማድረግ ግዴታ ነው ወይ ላልከው፦ ኤኤም32 ከሆነ አይደለም፣ እንደመጣ ይሠራል። ቢኤልሄሊ ኤስ ከሆነ ግን ግዴታ ነው ብለህ ያዘው። ምክንያቱ የቢኤልሄሊ ኤስ የመጨረሻ ስሪት 16.7 የሞተሩን ፍጥነት ለፍላይት ኮንትሮለሩ መልሶ አይነግረውም። ብሉጄይ ይነግረዋል። ሞተር በደቂቃ 24,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 400 ጊዜ የሚርገበገብ ንዝረት ወደ ጃይሮው ይልካል፤ ስሮትል በተቀየረ ቁጥር ያ ቁጥር ይቀያየራል። ቤታፍላይት የእያንዳንዱን ሞተር ፍጥነት ካወቀ በትክክል ያችን ንዝረት ብቻ ቆርጦ ያወጣል። ካላወቀ በጅምላ ያጣራል፤ በጅምላ ማጣራት ደግሞ መዘግየት ነው፣ መዘግየቱም ድሮኑ በራሱ በረበሸው አየር ውስጥ ሲወርድ እንዲንቀጠቀጥ ያደርገዋል።

ብሉጄይ ስትጭን የምትጠነቀቅበት አንድ ቦታ አለ፣ እሱም የታርጌቱ ስም ነው። ቦርዱን ስታነብ ለምሳሌ «ኤ-ኤች-30» የሚል ታያለህ። የመጀመሪያው ፊደል የቦርዱ አሠራር ነው፣ የትኛው የቺፕ እግር የትኛውን ሞስፌት እንደሚነዳ። ሁለተኛው ቺፑ ነው፤ ኤል ቢቢ1፣ ኤች ቢቢ21። ቁጥሩ ዴድታይም ይባላል። ለእያንዳንዱ የሞተር ገመድ ሁለት ሞስፌት አለ፣ አንዱ ከፕላስ አንዱ ከማይነስ ጋር የተያያዘ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተከፈቱ ባትሪው በራሱ ላይ ሾርት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ተዘግቶ ሌላው ከመከፈቱ በፊት ሁለቱም የሚዘጉበት ቅጽበት ያስፈልጋል። በኤች ቺፕ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 20 ናኖሰከንድ ነው፤ 30 ማለት ወደ 0.6 ማይክሮሰከንድ። ዝግተኛ ሞስፌት ያለው ቦርድ 90 ተብሎ የተሠራ ከሆነና አንተ «ያው ነው» ብለህ 30 ከጫንክበት፣ የላይኛው ሳይዘጋ የታችኛው ይከፈታል። ስሮትል እንኳን ሳትነካ ይጨሳል። የመጀመሪያውን ፊደል ከሳትክማ የባሰ ነው። ስለዚህ ፍላሽ ማድረጊያው ገጽ አሠራሩ አይመሳሰልም ብሎ ሲያስጠነቅቅህ፣ ማስጠንቀቂያውን እለፍ የምትለውን ሳጥን አትንካት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮፔለሮቹን አውልቅ፣ አራቱንም። ቤታፍላይት ላይ መጀመሪያ በሲኤልአይ (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት ገጽ) «ዲፍ ኦል» ብለህ የድሮውን ቅንብር በፋይል አስቀምጥ፣ ከዚያ ግንኙነቱን ዝጋ፤ አንድ ፖርት ሁለት ፕሮግራም አይጋራም። ዩኤስቢውን ሰክተህ ባትሪውን አገናኝ፤ ኢኤስሲው ኃይል የሚያገኘው ከባትሪ ነው፣ ዩኤስቢው የሚያበራው ፍላይት ኮንትሮለሩን ብቻ ነው። በክሮም ብራውዘር ኢኤስሲ ኮንፊገሬተርን ክፈትና አንብብ በለው። አራቱም መታየት አለባቸው። ሦስት ብቻ ከታዩ ፍላሽ አታድርግ፤ የጎደለውን የምልክት ሽቦ ፈልግ። የአራቱንም ታርጌት በወረቀት ጻፍ። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ፍላሽ አድርግና በቤታፍላይት አዙረህ እየው፤ ደህና ከሆነ ሦስቱን ቀጥል። ኃይል በመሃል እንዳይቋረጥ ባትሪው ከግማሽ በላይ የተሞላ ይሁን። ካለቀ በኋላ የሞተሮቹን አዟዟር እንደገና አረጋግጥ፣ ፍላሽ ሲደረግ ወደ መጀመሪያው ሊመለስ ይችላል።

የፒደብሊውኤም ድግግሞሽ (ሞስፌቶቹ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ) ምረጥ ይልሃል፦ 24፣ 48 ወይም 96 ኪሎኸርዝ። ለ5 ኢንች 48 ምረጥ። 96 ለትንንሽ የቤት ውስጥ ድሮኖች የበረራ ደቂቃ ስለሚጨምር ሰው ሁሉ ያሞግሰዋል፤ ለትልቅ ቦርድ ግን ዴድታይሙን አስብ። በ96 ኪሎኸርዝ አንድ ዙር 10.4 ማይክሮሰከንድ ነው። ዴድታይሙ 90 የሆነ ቦርድ ሁለት ጊዜ 1.8 ያህል፣ በድምሩ ወደ 3.6 ማይክሮሰከንድ፣ ከዙሩ ሲሶ በላይ ሁለቱም ሞስፌቶች ዝግ ሆነው ያሳልፋል። ዝቅተኛ ስሮትል ላይ ድሮኑ የላላ፣ ለመያዝ የሚያስቸግር ይሆናል። በ24 ያው ጊዜ ከዙሩ 9 በመቶ ገደማ ነው። የሞተር ታይሚንግን መካከለኛ ላይ ተወው። ዲማግ ኮምፔንሴሽንን ከፍተኛ አድርገው፤ ትንሽ ኃይል ይቀንሳል፣ አንተ ላይ የደረሰውን ዲሲንክ ግን የሚከላከለው እሱ ነው።

ኤኤም32 ከሆነ ደግሞ የሚነኩት ጥቂት ናቸው። የሞተር ኬቪና የማግኔት ቁጥር ሙላ። ኮምፕሊመንታሪ ፒደብሊውኤም በርቶ መቅረት አለበት፤ ፍሬኑ እሱ ነው። ሳይን ስታርትአፕ የሚለውን አጥፋው፤ ለድንጋይ ላይ ለሚንፏቀቁ የአሻንጉሊት መኪኖች የተሠራ ነው፣ ድሮን ላይ የሞተሩን አነሳስ ያዘገየዋል።

ቤታፍላይት ላይ ፕሮቶኮሉን (ለኢኤስሲው ትእዛዝ የሚላክበትን ቋንቋ) ዲሾት300 አድርገህ፣ ፍጥነቱ ተመልሶ እንዲነገር ባይዳይሬክሽናል ዲሾትን አብራ። ዲሾት600 ይሻላል የሚል ትሰማለህ። የዲሾት አንዱ መልእክት 16 ቢት ነው፦ 11ዱ ስሮትል፣ 1ዱ የቴሌሜትሪ ጥያቄ፣ 4ቱ የስህተት ማረጋገጫ። በ300 መልእክቱ 53 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል። ፒአይዲ ሉፑ (ድሮኑን የሚያረጋጋው ተደጋጋሚ ስሌት) 4 ኪሎኸርዝ ከሆነ በየ250 ማይክሮሰከንዱ አንድ መልእክት ነው፤ ምላሹም ጭምር በቀላሉ ይገባል። 8 ኪሎኸርዝ የምታስኬድ ከሆነ ብቻ 600 ያስፈልግሃል። ኢኤስሲ ካሊብሬት ማድረግ የሚባለው የድሮ ሥራ በዲሾት የለም፣ ቁጥር ነው የሚላከው።

የማግኔት ቁጥር ላይ 14 ጻፍ። የሞተሩን ክዳን ወደ ላይ ገልብጠህ የውስጡን ማግኔቶች ቁጠር፤ 2306 ላይ 14 ታገኛለህ። ውስጥ ያሉት የሽቦ ጥቅሎች 12 ናቸው፣ እነሱን ቆጥረው 12 የሚጽፉ አሉ። የዚያን ጊዜ ቤታፍላይት ፍጥነቱን አሳስቶ ያሰላል፣ ማጣሪያው ንዝረቱ የሌለበት ቦታ ላይ ይተከላል፣ ሞተሮቹም ለምን እንደጋሉ ሳይታወቅ ይግላሉ። ዳይናሚክ አይድልን ለ5 ኢንች 30 አድርገው፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በታች እንዳይወርድ።

ከዚያ የሞተሮች ገጽ ላይ፣ ያለ ፕሮፔለር፣ አራቱንም ቀስ ብለህ አዙር። ከእያንዳንዱ ሞተር አጠገብ የስህተት መቶኛ ይታያል። ዜሮ ወይም ከ1 በታች መሆን አለበት። አንዱ ብቻ ከፍ ካለ የምልክት ሽቦው ወይም የግራውንድ ሽቦው ላልቷል፤ አራቱም ከፍ ካሉ የፕሮቶኮሉ ፍጥነት ወይም ፍላይት ኮንትሮለሩ ነው።

ብየዳው። የቦርዱና የፍላይት ኮንትሮለሩ ማያያዣ 8 ሽቦ አለው፣ ቅደም ተከተሉ ግን በየአምራቹ ይለያያል። ሶኬቱ ቢገጥምም ሽቦው ላይገጥም ይችላል፤ የባትሪው ቮልቴጅ በምልክት እግር ከገባ ፍላይት ኮንትሮለሩ ወዲያው ይሞታል። የሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አድርገህ ስምንቱንም ሽቦ አንድ በአንድ አዛምድ፣ ካልተዛመደ ከፕላስቲኩ በመርፌ አውጥተህ አስተካክል። ለባትሪው ፓድ መበየጃህን 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርስ፣ ሰፊ ጫፍ ተጠቀም፣ 63/37 ሊድ እና ፍላክስ ይኑርህ። ሊዱ እንደ ኳስ ከተንጠለጠለ ፓዱ አልሞቀም ማለት ነው፤ ተዘርግቶ ሲያብረቀርቅ ነው የያዘው።

ካፓሲተር በዚህ ጊዜ «ቦታ የለም» አይባልም። ለ6ኤስ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት ዝቅተኛው ነው፣ 50 ከተገኘ ይሻላል። ለ4ኤስ 470 ማይክሮፋራድ 35 ቮልት ይበቃል። ዝቅተኛ ኢኤስአር (የውስጥ ተቃውሞ) የሚል ይሁን፤ የፓናሶኒክ ኤፍኤም ወይም የሩቢኮን ዜድኤልኤች አይነቶቹ ይታወቃሉ። ከተበላሸ ቴሌቪዥን የወጣ አይሆንም። አንዱ ትልቅ ካልገባ ሁለት 470 በፓራለል አድርግ። ከቦርዱ የባትሪ ፓድ ላይ፣ እግሮቹን አሳጥረህ በየድ፤ የግድ ማራዘም ካለብህ ወፍራም ሽቦ ተጠቅመህ ከ3 ሴንቲሜትር አትለፍ። ነጩ መስመር ያለበት እግር ማይነስ ነው፤ ከተገለበጠ ይፈነዳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ባትሪ ስትሰካ በቀጥታ አትስካ። ሾርት ካለ አምፒሩን የሚገድበውን፣ ስሞክ ስቶፐር የሚባለውን ግዛ፣ ወይም የመኪና ፍሬቻ አምፖል፣ 12 ቮልት 21 ዋት፣ በፕላሱ ሽቦ መሃል አስገባ። ብልጭ ብሎ ከጠፋ ካፓሲተሩ ሞልቷል፣ ደህና ነው። በርቶ ከቀረ ሾርት አለ፣ ወዲያው ንቀል። ለ6ኤስ የጭነት መኪናውን ባለ 24 ቮልት አምፖል ተጠቀም። አምፖሉ እያለ ሞተር አታዙር።

ባትሪውን በተመለከተ፦ 2450 ኬቪ ሞተር ይዘህ 6ኤስ አትስካ። 6ኤስ ከፈለግክ ከ1700 እስከ 1950 ኬቪ ያላቸው 2207 ሞተሮች አራት ያስፈልጉሃል። ያሉህን 6ኤስ ባትሪዎች እስከዚያው መጠቀም ካለብህ ቤታፍላይት ላይ የሞተር ውጤት ገደብን 66 በመቶ አድርግ፤ ፍጥነቱ ወደ 4ኤስ ይመለሳል። የቮልቴጅ ዝላዩ ግን አሁንም የ6ኤስ ስለሆነ ይህን የምታደርገው ካፓሲተር ባለበት፣ 6ኤስ በሚችል ቦርድ ላይ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ መሆንህም ይቆጠራል። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአምስት እጅ አንድ ያህል ይሳሳል። ያንኑ ክብደት ለማንሳት ፕሮፔለሩ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መዞር አለበት፣ ለዚህ ነው ድሮኑን አየር ላይ ባለበት ለማቆም የምትሰጠው ስሮትል ቪዲዮ ላይ ከምታየው ከፍ የሚለው። ሙሉ ስሮትል ላይ ግን አምፒሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የቃጠሎህ ሰበብ ከፍታው አይደለም። ይልቅ ተቃራኒውን አስብ፦ እዚህ ልክ ሆኖ የተስተካከለው ድሮን ዱባይ ወይም አፋር ቢወርድ፣ በዚያው ፕሮፔለር ሙሉ ስሮትል ላይ ሩብ ያህል ተጨማሪ አምፒር ይስባል፣ ያውም በዚያ ሙቀት።

ለአክስትህ ልጅ የምትልከው ዝርዝር እንግዲህ፦ አንድ ኤኤም32 ቦርድ ከነማያያዣ ሽቦው፣ ሁለት ካፓሲተር፣ አንድ ስሞክ ስቶፐር፣ አንድ መለዋወጫ 2306 ሞተር በዚያው ኬቪ። ባትሪ ከጨመረ በእጅ ሻንጣ ይያዘው፣ ጫፎቹ ተሸፍነው፤ 6ኤስ 1300 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ወደ 29 ዋት ሰዓት ነው፣ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያሳልፉት 100 በጣም ያንሳል። ድሮን ማስገባትም ማብረርም እዚህ ፈቃድ እንደሚጠይቅ የምታውቅ ስለሚመስለኝ አልዘረዝረውም።

ቦርዱ እስኪመጣ የ3ኛውን ሞተር ውጤት ጻፍልን፤ ከብረቱ ጋር ጮኸ ወይስ አልጮኸም፣ ገመዶቹ ተጠምዝዘው ሲዞር ከሌሎቹ ይለያል ወይ፣ የክንዱ ውፍረትና የብሎኑ ርዝመት ስንት ነው።